ዕቃ ቤት ያሉት ክፍል

አባቴ ካረፈ ጀምሮ ታላቅ ወንድሜ የምተኛበትን የኋላ ክፍል «ዕቃ ቤት» ይለዋል። አባታችንን ያስታመምኩት እዚያ ነው፤ ዓይኑን የከደንኩትም እዚያው። ስንት ጊዜ «ሰው አለበት!» ብዬ ጮኽኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ይባስ ብሎ የቤቱን ግማሽ ሊያፈርስ ሲነሣ ፕላኑ ላይም «ዕቃ ቤት» አስብሎ አጻፈው።

ግንበኛው ወጪውን ሲያስረዳ እዚያው ቆሜ ነበር። መብራትና ውሃ ማስቆረጥ፣ ጣሪያውን ከመሃል መለየት፣ ግድግዳ መደገፍ፣ ፍርስራሽ ማስጫን፣ የሚቀረውን ጎን መልሶ መድፈን።

«ለግማሽ ቤት ይኼ ሁሉ?» አለ ወንድሜ።

«ግማሽ ማፍረስ ከሙሉው ይብሳል ጌታዬ። የሚቆመው አብሮ እንዳይሄድ ነው ወጪው።»

ለፍርስራሹ መኪና ተመደበለት። ለእኔ መሄጃ ግን ምንም አልታሰበም፤ «እሷስ የት ትገባለች?» ያለው ትንሹ ወንድማችን ብቻ ነው።

ሥራው ሲጀመር ታላቅ ወንድሜ ለጊዜው ቤቱ ወሰደኝ፤ ሚስቱ ሳሎን አነጠፈችልኝ። እሱ ጠዋት ጠዋት ከሠራተኞቹ ቀድሞ እየሄደ ከክፍሌ ፊት ያለውን የመተላለፊያ ግድግዳ በመዳፉ እየመታ ያያል። እኔ ግን የሰው ቤት አላስቻለኝም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ አሞኛል ልተኛ ብዬ መብራት ካጠፋሁ በኋላ ሹልክ ብዬ ክፍሌ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ተናጋ። ልወጣ ብል በሩ እምቢ አለኝ። ሠራተኞቹ ደርሰው ሲከፍቱልኝ የመተላለፊያው ግድግዳ ወድቋል፤ ታላቅ ወንድሜ ከሥሩ ሞቷል።

ፖሊስ የላካት መርማሪ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ለጫማዋ ሳትሳሳ ፍርስራሹ መሃል ገባች።

«ግድግዳውን ምን ይዞት ነበር?»

«የድጋፍ እንጨቱ!» ግንበኛው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ከእግሩ ሥር ሁለት ሽብልቅ መትቼ አጥብቄዋለሁ፤ በገዛ እጄ!»

ሽብልቆቹን ከአቧራው አንሥታ አገላበጠቻቸው። «ሲገቡ የሚመቱት በየት በኩል ነው?»

«በወፍራሙ።»

«የእነዚህ ቀጭኑም ጫፍ ተጨፍልቋል።»

«እንግዲያ መትቶ ያወጣቸው ሰው አለ» አለ ግንበኛው።

ወደ እኔ ዞረች። «በርዎ ለምን እምቢ አለ?»

«ተጣብቆ ነዋ።»

«በውጭ በሽቦ ታስሮ ነበር። መመለስዎን ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። ትንሹ ወንድሜ ብቻ፤ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ማታ ዳቦ አምጥቶልኝ ነበር» አልኳት፣ ለጎረቤት እንደማወራ። ቀና እንኳ ሳትል ራሷን ነቀነቀች።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም በተረፈው ሳሎን ሰበሰበችን።

«ምን ያሰበስበናል?» አለች የወንድሜ ሚስት። «እሷ ናት! ለዚያች ጎሬ ስትል ባሌን በላችው!»

«ውስጥ ያለ ሰው በሩን ከውጭ አያስርም» አለች መርማሪዋ። «ሽብልቆቹን ያወጣው ሰው የሟችን ልማድ ያውቃል። ግድግዳውን አልገፋም፤ ሟች ራሱ መጥቶ እስኪመታው ተወው። የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኚህ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴት ወደ መተላለፊያው እንዳይወጡ። ግንበኛው ክፍሉን ባዶ ነው የሚለው። እርስዎም እመቤቴ፣ ሳሎን የተኙ መስሎዎት ያጧቸው ለቁርስ ሲጠሯቸው ነው። በውስጡ ሰው መኖሩን ካላወቀ፣ ያውም ካላዘነለት፣ ያንን በር ማን ያስራል?»

ሁሉም ትንሹን ወንድሜን አየው። እሱ የሚያየው እኔን ነው።

«የት ልትገቢ ነበር እትዬ?» አለኝ። «እስቲ ንገሪኝ፤ የት?»

«ዳቦውን ያመጣልኝ ሌላ ቀን ነው!» አልኩ። «ተሳስቼ ነው!» መርማሪዋ በሐዘን አየችኝ። ከአፌ የወጣውን መልሼ መዋጥ አልቻልኩም።

ይዘውት ሄዱ። የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ ዞር ብላ «በይ እንግዲህ፣ የሚያፈርስብሽ የለም። ኑሪበት!» አለችኝ።

ፖሊስ ቦታውን የለቀቀ ዕለት ግንበኛውን አስጠራሁት። ፍራሼን ጠቅልዬ ግቢ አውጥቼ ነበር።

«ከየት ልጀምር እትዬ?»

«ከእኔ ክፍል።»

ፈራ ተባ ሲል መዶሻውን ተቀበልኩትና የመጀመሪያውን እኔው መታሁ።