የናርሚት ጣቶች

በጌርዳን መንግሥት ፀሐይ በቀትር የጠቆረች ዕለት፣ አውዝር የተባለው ባለክንፍ ዘንዶ ከተራራው ወርዶ የዝናቡን ደወል ነጠቀ። ያ ደወል ካልተደወለ በጌርዳን ምድር ጠብታ አይወርድም። አውዝርን የሚገድለው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ የጥንት ትንቢት ይናገራል፤ ሲውጥ ብቻ ቅርፊቷ የምትገለጥ፣ ከጉሮሮው ሥር ያለች መዳፍ የማታህል ሥጋ አለችው፤ እርሷን መውጋት ነው።

ያን ቀን በግንቡ ላይ የቆመችው የአገሩ ስመ ጥር ቀስተኛ ናርሚት ነበረች። ለማንም ያልነገረችው ደዌ ነበረባት። በንጉሡ ፊት አንዴ ዒላማ ከሳተች ወዲህ፣ የፍላጻዋን ጫፍ ዒላማው ላይ ልታነጣጥር ስትል ጣቶቿ ሳታዝዛቸው የደጋኑን ጅማት ይለቃሉ። ስሟን እንዳታጣ ደበቀችው። ያን ቀንም ጣቶቿ ቀደሟት። ደወሉን ሊያስጥል ከዘንዶው ጋር ይታገል የነበረውን ዘበኛ፣ ኤልሞርን፣ ፍላጻው ደረቱን ወጋው። ኤልሞር የመምህሯ የዘጎር አንድያ ልጅ ነበር።

ዘጎር ልጁን ቀብሮ በሰባተኛው ቀን መጣ።

«መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ጌታዬ፣ ይግደሉኝ» አለች እግሩ ላይ ወድቃ።

«የጠየቅሁሽን መልሺ።»

«ዓመት ሆነኝ።»

«ዓመት ሙሉ! ብትነግሪኝ ኖሮ... ተነሺ። የእኔ እጅ በእርጅና ይንቀጠቀጣል። ከአንቺ ክንድ ሌላ ለዚህ አገር የቀረ የለም።»

ከገለባ ክምር ፊት ሦስት እርምጃ ላይ አቆማት። ዒላማ አልነበረም። ለሳምንታት ዓይኗን ጨፍና ብቻ ፍላጻ እንድትወረውር አደረጋት። ከዚያም ዒላማ ሰቀለላትና ደጋኑን እንድትወጥር፣ ዒላማው ላይ አድርሳ እስከ አሥር እንድትቆጥር፣ ሳትለቅም መልሳ እንድታረግብ አዘዛት። መጀመሪያ ላይ ሦስት ሳትደርስ ጣቶቿ ይከዷት ነበር።

«ሳይለቁ መወጠር ምን ይረባል?» ብላ አለቀሰች።

«መሳትን ስለምትፈሪ ነው የምትቸኩዪው። ዒላማውን እያየሽ መቆየት ልመጂ።»

በአራተኛው ወር አሥር ቆጠረች። ሁለቱ ብቻቸውን ወደ አውዝር ተራራ ተጓዙ። በመንገዳቸው የሙታን ድምፅ የሚሰማበት የጨው ሜዳ ነበረ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ኤልሞር አባቱን ተጣራ። ናርሚት ጆሮዋን በሰም ደፈነች። ዘጎር ግን አልደፈነም፤ እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ ሄደ።

ከዋሻው አፍ ሲደርሱ ዘንዶው በደወሉ ላይ ተጠምጥሞ አዩት። ዘጎር ጋሻውን ከክንዱ አውርዶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ራሱን ሊያስውጥ እንደሆነ ያኔ ገባት።

«አይሆንም! በግ እናምጣ፣ ወይፈን...»

«ከሰው ሥጋ በቀር አይበላም። በኤልሞር ደም ማዪልኝ። ጉሮሮው እስኪገለጥ አትለቂም!»

ናርሚት ማለች።

ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ሄደ። ዘንዶው በመንጋጋው ያዘው። ፍላጻዋ ጉሮሮው ላይ ነበር፤ ቅርፊቱ ግን እንደተዘጋ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣቶቿ ነደዱ። ስድስት ላይ ዘጎር ጮኸ፦ «ናርሚት!»

አልለቀቀችም። ሰባት። ስምንት። ቅርፊቱ ዘጠኝ ላይ ተነሣ፤ ፍላጻውም ሄደ። አውዝር ተራራውን እያናወጠ ወደቀ። ዘጎርን ከመንጋጋው ስታወጣው እስትንፋሱ አልነበረም።

ደወሉ ተመልሶ በተደወለ ዕለት ዘነበ። ንጉሡ በአደባባይ ቆሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ጽኑ ክንድ ይባል! ደጋን የሚይዝ ሁሉ በስምሽ ይማል!» ሲል አወጀ። ናርሚት እጅ ነሥታ ወጣችና ወደ ዘጎር ሚስት ወደ ታምሪል ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነገሩን ሁሉ ሰማች።

«በመጨረሻ ምን አለ?»

«ስሜን ጠራ።»

«ልቀቂ ሲልሽ ነው ወይስ ታገሺ?»

ናርሚት አንገቷን ደፋች። «አላውቅም፣ እናቴ።»

ታምሪል በሩን ያዘች። «ልጄን ቸኩለሽ ገደልሽብኝ። ባሌን ታግሠሽ። አገሩ ያመስግንሽ፤ ይገባሻል። እኔ ደጅ ግን ሁለተኛ አትምጪ።»

በሩን ዘጋችው። ናርሚት ከጣራው በሚወርደው ውኃ ሥር ቆማ ቀረች። ከአደባባዩ የሕዝቡ እልልታ ይሰማል።