ወንዝ የተሻገረው ብናኝ

ዳካ አደገች ይሉኛል። ማደጉንስ አድጋለች፤ ጭሷም አብሯት አድጓል። የልጄ ባል ሞታሌብ እዚያ ከተማው ዳር የሪክሾ፣ የባለ ሦስት እግሯ ታክሲ፣ አሮጌ ባትሪ እየሰበረ ውስጡ ያለውን የእርሳስ ብረት ያቀልጣል።

የአራት ዓመት ልጁን ቱኒን ሆዷን ያማት፣ ያፈዛት ጀመር። በስሟ ሲጠሯት ዘወር አትልም። አንዱ "የሰው ዓይን ነው" አለ፣ ሌላው "ወስፋት ነው"። እናቷ፣ ልጄ ሸፋሊ፣ "ጭሱ ነው" ብላ መስኮቱን ሁሉ ዘጋች። ምንም ለውጥ የለም። ቢቸግራት ወንዝ አሻግራ እኔ ዘንድ አመጣቻት።

እኔ ዘንድ ጭስ የለም። ልጅቱ ነፍስ ዘራች፤ ዳክዬዎቼን መድረሻ አሳጣቻቸው። ሞታሌብ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራው በቀጥታ ይመጣል፤ ያቅፋታል፣ ስትታጠብም ከአንገቱ በማይለየው ፎጣ ያደርቃታል። ደግ አባት ነው፣ አልዋሽም።

ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ተመለሰባት። ግራ ገባኝ! እዚህ ምን ጭስ አለ? ውሃውን ጠረጠርኩ፣ ዓሣውን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ሞታሌብ በመጣበት ቀን አብረን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኘ።

"ልብሱን ሳይቀይር ከሥራ የሚመጣ ሰው አለ?" አለች ነርሷ። ሁላችንም ሞታሌብን አየነው።

እሱ ሳቀ። "እማማ፣ እኔ ስንት ዓመት እዚያ ስውል ምን ሆንኩ? ልጄ እርሳስ አልላሰችም!"

"ምን ሆንኩ ትላለህ? እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ የትናንቱን ትረሳለህ! የረሳኸውን ደግሞ ማን ያስታውስህ?" አልኩት።

ነርሷ ረጋ ብላ፣ "ትልቅ ሰውን ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ የልጅን ግን አእምሮ ነው የሚነካው። የእርሳሱ ብናኝ በልብስዎ፣ በጸጉርዎ፣ በዚህ ፎጣ አብሮዎት ይመጣል" አለችው።

ሳቁ ጠፋ። "ታዲያ ማቀፌ ነው የጎዳት?"

ፎጣውን ከአንገቱ አወረደው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቱኒ አይታው ሮጠች። "አትምጪ! እዚያው ቁሚ!" ብሎ ጮኸባት። ልጅቱ ደርቃ ቀረች። እሱ ከቤት ርቆ ልብሱን አወለቀ፣ በሳሙና ጸጉሩን ሳይቀር ታጠበ፣ ንጹሕ ለብሶ እጁን ዘረጋላት። አሁን ግን እሷ እምቢ አለች፤ ከኋላዬ ተሸሸገች። እሱም መሬት ቁጭ ብሎ፣ እስክትመጣ ጠበቃት።

በዓይን የማይታይ ነገር እንዴት ልጅ እንደሚያደነዝዝ እስካሁን አይገባኝም። ግን አየሁ። አባቶች፣ እዚያው ሥራ ቦታችሁ ታጥባችሁ፣ ልብሳችሁን ቀይራችሁ ወደ ልጆቻችሁ ግቡ። እናንተም እርሳስ የምታስቀልጡ ባለ ምድጃዎች፣ ለሠራተኛችሁ መታጠቢያ ውሃ አቅርቡ። ጭሱንስ? እሱን ማን እንደሚያጥበው እናንተው ንገሩኝ።