ፊቱን የሚሸፍነው ዘብ

ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቆመ።

አባቷ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ለሚሠራቸው «የጭጋግ ዘቦች» የልጆች መጽሐፍ ይጽፋል። ፋብሪካው አሻንጉሊቱን ይልክለታል፤ እሱ ታሪክ ይፈጥርለታል። ከመታተሙ በፊት ጮክ ብላ የምታነብለት ስምንተኛ ክፍል የገባችው ልጁ ናት፤ አፏ ላይ የተደናቀፈውን ዓረፍተ ነገር ያቃናል። የዚህኛውን ዘብ ጀርባ ሲጫኑት የራስ ቁሩ ዱብ ይልና ፊቱን ይሸፍነዋል። ለምን እንደሚሸፍን ምክንያት ጠፍቶት አባቷ ሳምንቱን ሙሉ ሲያውጠነጥን ከርሟል።

አሁን አግኝቶለታል። ዘቡ ጓደኛው በሦስት ጭራቆች ሲደበደብ ዋሻ ገብቶ በሩን ቆለፈ። በኋላም «አዛዡ ልኮኝ ነበር» ብሎ ዋሸው። ከዚያ ወዲህ ጓደኛውን ባየ ቁጥር ፊቱን ይሸፍናል።

ደሟ ፈላ። ይሄ እኮ የእሷው ጉድ ነው! ሦስት የክፍላቸው ልጆች ቅመም የምትባለውን የልብ ጓደኛዋን ሲደበድቧት፣ ሽንት ቤት ገብታ የቆለፈችው እሷ ናት። «ቲቸር ልካኝ ነበር» ያለቻትም እሷው። ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እያለቀሰች፣ ለማንም እንዳይናገር አስምላ።

«አባዬ፣ ምለህልኝ ነበር እኮ።»

አባቷ መነጽሩን አወለቀ። ስም እንዳልጠራ፣ የአሻንጉሊት ታሪክ ማንም ልብ እንደማይለው ሊያስረዳት ሞከረ። አይ አባት! የቅመም ታናሽ ወንድም ከዘቦቹ አንዱም አያመልጠውም፤ መጽሐፉን የምታነብለት ደግሞ ቅመም ናት። እሷ ደግሞ ሞኝ አይደለችም።

«ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል» አለ አባቷ አንገቱን ደፍቶ። «ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። ግን ከመጽሐፉ አውጣው ካልሽኝ አወጣዋለሁ፣ የኔ ልጅ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አውጣው ልትል አፏን ከፈተች። አባቷን በዚያች ሰዓት አምርራ ጠልታዋለች። ሰው በገዛ አባቱ ከተካደ ማንን ይመን? ከዚያ ቅመም ትዝ አለቻት። እስከ ዛሬ ቲቸር ልካት እንደነበር አምናት፣ ነጋ ጠባ አብራት የምትሄደው ቅመም። ገጹ ቢወጣ ውሸቱ አብሮ አይወጣም።

ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ጫማዋን አደረገች።

«እስክመለስ እንዳትልከው» አለችው። «ቅመም ከኔ ትስማው። ይውጣ ካለች ይወጣል።»

አባቷ ልሸኝሽ ብሎ ኮቱን አነሳ።

«አንተ ቅር» አለችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።