የአረንጓዴዋ መኪና አምስተኛ ቀን

ሟቹ በአሮጌዋ አረንጓዴ መኪና አፍንጫ ስር ተንበርክኮ፣ ግንባሩን መከላከያዋ ላይ ደፍቶ ነበር። ከሩቅ ላየው ራዲያተሩን በሹክሹክታ የሚያናግር ይመስላል። ቀርቦ ላየው ግን የራስ ቅሉ ከቀኝ ጆሮው በላይ ሁለት ቦታ ተሰርጉዷል። ደሙ በአንገቱ ወርዶ ሸሚዙን አርሶ፣ ከወለሉ የሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ረግቷል። ቀኝ እጁ በመኪናዋ አፍንጫ ቀዳዳ የገባውን፣ ሞተር በእጅ የሚዞርበትን የማስነሻ ብረት እንደጨበጠ ደርቋል።

መርማሪዋ ለብዙ ደቂቃ ምንም ሳትነካ ቆመች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ሜትር» ይሏታል፤ ሳትለካ አትናገርም ለማለት ነው። ጥሪው ሲደርሳት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። ከአገር አቋራጩ መንገድ ዳር ወዳለው ወደዚህ ማረፊያ ቤት ለመድረስ ሦስት ሰዓት ፈጅቶባታል።

«ኢንስፔክተር፣ በከንቱ ነው የደከሙት» አለ የአካባቢው ሳጅን። «ገዳዩን ይዤልዎታለሁ።»

«አደጋ ነው ተብሎ አልነበር እንዴ የተደወለልኝ?»

«እሱ የሟቹ ወንድም ወሬ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ብረቱ ወደኋላ ተወርውሮ መታው አለ። እነዚህ አሮጌ መኪናዎች እንደ በቅሎ ይራገጣሉ አሉ። እኔ ግን ቆጠርኩ፤ ቁስሉ ሁለት ነው። በቅሎም ብትሆን ተራግጣ እስክትደግመው ቆሞ የሚጠብቃት የለም።»

«ጥሩ ቆጥረሃል።»

ሳጅኑ ደረቱ ተነፋ። «ከዚያ አብሯቸው የሚጓዘውን መካኒክ አየሁት። ሬሳውን ከኋላ አቅፎ፣ እስከ ክርኑ ደም በደም ሆኖ። ስሙን በስልክ አስጣራሁ። ሰው ገጭቶ ገድሎ ሰባት ዓመት የታሰረ ነው። የማን ምስክርነት ያሳሰረው ይመስልዎታል?» በአገጩ ወደ ሟቹ ጠቆመ። «ሠላሳ ዓመት የቆየ ቂም! ከቀትር በፊት ወደ ከተማ እልከዋለሁ። በዚህ ዕድሜው ደግሞ ከእስር ቤት የሚወጣው በቃሬዛ ነው።»

መርማሪዋ ጓንቷን አጥልቃ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ ከብረቱ ላይ አላቀቀች። አራቱ ጣቶች ባንድ ወገን፣ አውራ ጣቱ በሌላው ወገን ዞሮ ብረቱን እንደ መዶሻ እጀታ ጨብጠውታል። ይህን ጻፈች። የሸሚዙን ኪስ ስትዳስስ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ነሐስ የተለበጠች ጥቁር ዕቃ አገኘች። እሷንም ጻፈች። መጨረሻ ላይ ብረቱን ከቀዳዳው ስባ አወጣችው። በእጅ የሚያዘው ጫፍ ንጹሕ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ተቀብሮ የነበረውን ጫፍ ግን ወደ ብርሃን አዙራ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ በጨርቅ ጠቀለለች።

መካኒኩ ከውሃ ታንከሩ እግር ጋር በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ስልሳን ያለፈ፣ ጥፍሮቹ ሥር የገባው ጥቁረት በሳሙና የማይለቅ ሰው ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ፣ በሞተር ውስጥ እሳት በምትጭረው ዕቃ ስም «ካንዴላ» እየተባለ ነው የሚጠራው።

«ጋሼ፣ ምን እንዳዩ ይንገሩኝ።»

«ተናግሬ ምን ላተርፍ? ያን ጊዜም ተናግሬ ነበር።»

«ያን ጊዜ እኔ አልነበርኩም።»

ካንዴላ ቀና ብሎ አያት። «የነቃሁት ወንድሙ ሲጮህ ነው። ሮጬ ስደርስ አንጎሉ በጣቶቼ መሃል ይፈስ ነበር። ያለኝ መዳፍ ብቻ ነው፤ በመዳፌ ደፈንኩት። ሞኝ ነኝ፤ እንደ ራዲያተር የሚደፈን መስሎኝ።»

መርማሪዋ ጥቁሯን ዕቃ አሳየችው። «ይህቺ ከሸሚዙ ኪስ ነበረች።»

ሽማግሌው ሳቅ የሚመስል፣ ሳቅ ያልሆነ ድምፅ አወጣ። «እኔን አይጠይቁኝ። እኔ ከተናገርኩ ራሱን ለማዳን ነው ይባላል። የሟቹን የጉዞ ደብተር ያንብቡ።»

ደብተሩ በሟቹ ልጅ እጅ ነበር። ልጅቷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። መኪናዋ ውስጥ፣ አባቷ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አምስት ቀናችን ነው» አለች። «ሰባት ቀን ነበር የሚፈጀው። በሰዓት ከሰባ ኪሎ ሜትር በላይ ከነዳናት ትፈላለች። ዳገት ሲሆን እኔ ወርጄ በእግሬ እቀድማታለሁ፤ ከላይ ሆኜ ‹በርቺ አሮጊቷ!› እላታለሁ። አባቴ ‹አትሳደቢ፣ ትሰማለች› ይለኝ ነበር።»

«በዚህች መኪና ይህን ያህል መንገድ ለምን?»

«ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ መጨረሻ ላይ ይህችው መኪና አንዲት ሴት ገጭታ ገድላለች። አባቴ ‹ካንዴላ ነበር የሚነዳው› ብሎ መሰከረ። ውሸቱን ነው። የሚነዳው አጎቴ ነበር፤ ሰክሮ። ያን ሁሉ ዘመን እንቅልፍ አጥቶ ኖሮ አሁን የሴትየዋን ልጅ አፈላልጎ አገኘው። በዚያችው መኪና፣ ከጋሼ ካንዴላ ጋር ሄዶ፣ ፊት ለፊት ሊነግረው ነበር። ከነገ ወዲያ ይጠብቀናል።»

«አጎትሽ ያውቅ ነበር?»

«በሦስተኛው ቀን አባቴ ራሱ ደወለለት። ትናንት ማታ በአዲሱ መኪናው ደረሰብን። ራት ላይ አባቴን ‹የዕጩነት ፎቶዬ በየግድግዳው ተለጥፎ፣ ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው?› አለው። አባቴ ‹ካንዴላም ሰባት ዓመት ግድግዳ ነበረው› ብሎ ተነሳ።»

መርማሪዋ ደብተሩን ገልጣ የሁለተኛውን ቀን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበች።

አጎትየው ክፍሉ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሐዘኑን እንደ ክራባት አስተካክሎ አስሮ ጠበቃት።

«ወንድሜን አጥቻለሁ፤ ባጭሩ እናድርገው።»

«ባጭሩ። ምን ሰሙ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሞተሩ አንዴ ጓ ብሎ ተነሳ፤ ወዲያው ብረቱ ሲመታው ጩኸቱን ሰማሁ። ስወጣ ተደፍቷል። እርዳታ ጠርቼ ስመለስ ያ ሰውዬ ላዩ ላይ ነበር። አሁን ሳጅኑ ቁስሉ ሁለት ነው ይላል፤ እንግዲህ መኪናዋ የጀመረችውን እሱ ጨርሶት ይሆናል። ወንድሜ በትንፋሽ ነበር እኮ!»

«ሞተሩ መነሳቱን እርግጠኛ ነዎት?»

«ክፍሌ መኪናዋ ካደረችበት መጠለያ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የአባቴን መኪና ድምፅ ላጣው ነው?»

«እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ሳያነበው ፈረመ።

ባለማረፊያዋ ወይዘሮ ደግሞ የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር። «ልጄ፣ ሬሳውስ የመጣ መዓት ነው፤ የመጠጥ ውሃዬን ማን ጨረሰብኝ? ትናንት የሞላሁት በርሜል ስነቃ ግማሽ ሆኖ አገኘሁት። ዝሆን አላሳደርኩ!»

«የነቁት በጩኸቱ ነው?»

«ከጩኸቱ በፊት እንጂ። እሳት ላነድ ብዬ።»

መርማሪዋ በሳጅኑ ጆሮ አንድ ነገር ተናግራ ወደ ክፍሎቹ ላከችው። እስኪመለስ ሁሉንም መጠለያው ውስጥ ሰበሰበች። ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኗል። ከጓሮ የታጠፈ የውሃ ቧንቧ አስመጥታ መኪናዋ አፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ ሻጠችው።

«በየተራ፣ ሞተር እንደሚያስነሳ ሰው ጨብጡልኝ። አንቺ ቅደሚ።»

ልጅቷ አምስቱንም ጣቶቿን ባንድ ወገን አሰልፋ፣ ቧንቧውን ከስር በኩል ያዘችው። ካቴናው የተፈታለት ካንዴላም እንደዚያው ያዘ። አጎትየው ትከሻውን ነቅንቆ ቀረበ፤ አውራ ጣቱን አዙሮ ጭብጥ አደረገው።

«እንደያዙት ይቆዩ» አለችው መርማሪዋ። «ጋሼ ካንዴላ፣ እርስዎ ለምን አውራ ጣትዎን አላዞሩም?»

«ብረቱ ከተራገጠ ጣቱን ነቅሎ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ማስነሻ ሞተሩ ተቃጥሎብን በእጅ ማስነሳት ስንጀምር፣ ለሁለቱም መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ይህን ነው።»

«ደብተሩም ይህንኑ ይላል፤ ሟቹ ‹አውራ ጣት አይዞርም› ብሎ ከስሩ አስምሮበታል። የሞተው ሰው እጅ ላይ ግን ዞሮ አገኘሁት። ያንን እጅ ብረቱ ላይ ያስጨበጠው ሌላ ሰው ነው፤ ደንቡን የማያውቅ ሰው።»

አጎትየው እጁን ከቧንቧው አነሳ። «ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታው ከዚህ ነው የሚጀምረው። ብረቱ ተራግጦ ቢሆን ኖሮ የሚመታው በእጅ የሚያዘው ጫፍ ነው። እሱ ንጹሕ ነው። ደምና ፀጉር ያገኘሁት መኪናዋ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ በነበረው ጫፍ ላይ ነው። ሟቹ ጎማ ሊያይ ሲያጎነብስ አንድ ሰው ብረቱን በእጀታው ይዞ ሁለት ጊዜ አወረደበት። ከዚያ ደሙን ሳይጠርግ ቀዳዳው ውስጥ ሻጠው፤ እዚያ የሚያየው አይኖርም ብሎ።»

«ታዲያ ያ ሰው ካንዴላ ነዋ!»

መርማሪዋ ጥቁሯን ዕቃ መኪናዋ ክዳን ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አሁን ይናገሩ።»

«ሮተር ትባላለች» አለ ካንዴላ። «እሳት ለካንዴላዎቹ የምታከፋፍለው እሷ ናት። እሷ ካልተገጠመች ቀኑን ሙሉ ቢያዞሩት ሞተሩ አያስነጥስም።»

«ደብተሩ፣ ሁለተኛ ቀን፦ ‹መኪናዋን ሊሰርቁን ሞከሩ። ከዛሬ ጀምሮ ሮተሯ ኪሴ ውስጥ ታድራለች፤ ጠዋት ዘይትና ጎማ ካየሁ በኋላ መጨረሻ ላይ እገጥማታለሁ።› ልጅቷ ታውቃለች፤ ካንዴላ ያውቃል። ማናቸውም ቢገድሉት ኖሮ ሊነሳ በማይችል ሞተር አያሳብቡም ነበር። እርስዎ ግን የመጡት ትናንት ማታ ነው። ሮተሯ በሟቹ ኪስ ውስጥ ሳለች፣ ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ውስጥ ሆነው የሰሙት የምን ሞተር ነው? ፈርመውልኛል።»

ሳጅኑ በዚህ መሃል ውሃ የሚያንጠባጥብ ሸሚዝ ይዞ ገባ። «አልጋው ስር፣ ሻንጣ ውስጥ ነበር። እጅጌው አልለቀቀም» አለ።

«የወይዘሮዋ በርሜል የጎደለው ለዚህ ነው፤ ያውም ከጩኸቱ በፊት» አለች መርማሪዋ።

አጎትየው ሸሚዙን አየ፤ የወንድሙን ልጅ አየ። ከዚያ ቧንቧውን ከቀዳዳው መንጭቆ ወደ ልጅቷ ሰነዘረ። ሳጅኑ መሃል ገባ፤ ቧንቧው ቀኝ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ሁለተኛው ምት ከመውረዱ በፊት ካንዴላ በግንባሩ የሰውየውን አፍንጫ ደረመሰው፤ ተያይዘው ዘይትና ደም ላይ ወደቁ። ሽማግሌው ከላይ ሆነ። ቧንቧውን በሁለት እጁ የሰውየው ጉሮሮ ላይ አስተኝቶ ተጫነው።

«ማን ነበር የሚነዳው?» አለ። «ያን ቀን መሪው ማን እጅ ነበር?»

የአጎትየው ፊት ጠቆረ፤ እግሮቹ ወለሉን ደበደቡ።

«ጋሼ ካንዴላ» አለች መርማሪዋ፣ ሽጉጧን ሳትመዝ። «እየታነቀ የተናገረ ሰው ቃል ፍርድ ቤት አይጸናም። ሰባት ዓመትዎን ሰጥተውታል፤ የቀረውን ዕድሜዎንም ሊመርቁለት ነው?»

ቧንቧው ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆየ። ከዚያ ካንዴላ ወረወረውና ተነስቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

አጎትየው ደም እየተፋ ተቀመጠ። አሁን ማንም አልያዘውም። ልጅቷ ፊቱ ቁጢጥ አለች።

«አጎቴ፣ አባቴን ገደልከው። ከዚህ ወዲያ የምትደብቀው ምን ቀረህ? ማን ነበር የሚነዳው?»

ወደ አንሶላው አየ። «እጇን አንስታ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሴትየዋ። እንድቆም። እኔ... ሰላም የምትለኝ መሰለኝ።»

መርማሪዋ ቃሉን ቃል በቃል ጻፈች፣ አነበበችለት፣ አስፈረመችው። ካቴናውን ራሷ ቆለፈችበት። ሳጅኑ ጥርሱን ነክሶ፣ ቀኝ እጁን ከደረቱ ጋር በፎጣ አስሮ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጧል።

«የዚህ ቅጂ ይድረሰኝ» አለ ካንዴላ። «በአውቶቡስም ቢሆን እሄዳለሁ። ያ ልጅ ከነገ ወዲያ ይጠብቃል።»

«ሁለት ትኬት እንቆርጣለን» አለች ልጅቷ። «አባቴን ቀብረን ማታውኑ እንነሳለን። ዘግይተን እንደምንደርስ እደውልለታለሁ።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቴ... ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምን ልካስዎት?»

ካንዴላ ጠዋት የተሞላውን የምርመራ ቅጽ ከመኪናዋ ክዳን ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። «ከስሜ ጎን የጻፍከውን ሰርዝልኝ።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን በግራ እጁ ያዘ። መስመሩ ተጣመመ፤ ግማሹ ፊደል ከስር ታየ። ካንዴላ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሳጅኑ ትንፋሹን ውጦ፣ በሥቃይ ላብ እያጠመቀው፣ ‹ተጠርጣሪ› የሚለው ቃል እስከማይነበብ ድረስ ደግሞ ደጋግሞ ሰረዘው።