የመሪጌታ ፀሐዬ ዜማ

በኅዳር ወር ፲፱፻፺፰ ዓመተ ምሕረት፣ የለንደን ፀሐይ ገና በዘጠኝ ሰዓት ለመግባት በምትጣደፍበት ሰሞን፣ ካምደን ውስጥ ካለ አንድ አሮጌ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልዑልቃል ፀሐዬ የተባለ ጎልማሳ ከሰፊ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ በቆዳ የተደጎሰች ትንሽ መጽሐፍ ያገላብጥ ነበር። መጽሐፏ አራት መቶ ዓመት ያለፋት የዝማሬ መጽሐፍ ናት፤ ነገር ግን ብቻዋን ምንም አታስዘምርም። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ባለ ብዙ ድምፅ ዝማሬ ሲጻፍ ለቀጭኑ ድምፅ አንድ መጽሐፍ፣ ለወፍራሙ ሌላ፣ ለመካከለኞቹም ለየራሳቸው ይሰጥ ነበርና፣ ዘማሪዎቹ የየድርሻቸውን ይዘው ጎን ለጎን ካልቆሙ ዝማሬው ሙሉ አይሆንም። ዘመን ደግሞ መጻሕፍቱን እንደ ሙት ልጆች በየአገሩ በትኗቸዋል፤ አንዱ ለንደን ሲገኝ ወንድሙ ባሕር ማዶ ተገኝቷል፤ ብዙውም እሳትና አይጥ በልተውት ቀርቷል።

የልዑልቃል ሥራ ይህን የተበተነውን መመዝገብ ነበር፤ ዝማሬው በምን ቃል እንደሚጀምር፣ ለስንት ድምፅ እንደ ተጻፈ፣ የትኛው ድምፅ በየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ፣ የትኛው እንደ ሌለ፤ ዘማሪም ተመራማሪም ከፍቶ እንዲያየው። የሥራው ኃላፊ ዶክተር ሃርግሬቭ፣ ፀጉራቸው እንደ ባዘቶ የነጣ ወይዘሮ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ ሰጥተውት ነበር።

«የጠፋውን ጠፍቷል ብለው ይጻፉ። የሌለውን አለ ብንል ዘማሪው መድረክ ላይ ወጥቶ ያፍራል፤ ተማሪውም በእኛ ስሕተት ላይ ስሕተት ይሠራል። ጠፋ ማለት ነውር የለበትም።»

ልዑልቃል ይህን ሕግ ወደደው። ዝማሬ ሲበተን ምን ማለት እንደ ሆነ ከልጅነቱ ያውቅ ነበርና። አባቱ መሪጌታ ፀሐዬ በጎጃም፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለችው የደብረ ዕንቍ ኪዳነ ምሕረት የዜማ መምህር ነበሩ። ያች ደብር ከሌሎች የሚለያት አንድ ነገር ነበራት፤ የካቲት ዐሥራ ስድስት ቀን፣ በዓመታዊው ንግሥ፣ ማኅሌቱ ሊያበቃ ሲል የሚዜመው «ሰላም» ቃሉ በመጽሐፍ ቢኖርም ዜማው ግን ከደብሯ በቀር የትም የለም፤ የዜማ ምልክትም አልተሠራለትም፤ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ አፍ ብቻ ሲተላለፍ ኖሯል። መሪጌታ ካሰለጠኗቸው ተማሪዎች ከፊሉ በጦርነት አለቁ፣ ከፊሉ ወደ ከተማ ፈለሱ፤ በመጨረሻ ያን ዜማ የያዘው የእሳቸው ጉሮሮ ብቻ ሆነ። ልጃቸውም ቢሆን እኩሌታውን ተቀብሎ ሳይጨርስ ወደ አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ከዚያም የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ገባ። «ተመልሼ እጨርሳለሁ» ብሎ ነበር የወጣው። ማን እንዲህ ሳይል ይወጣል?

የመመለሻው መንገድ ግን በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ተዘጋ። የግንቦት ዘጠና ሰባቱ ምርጫ ያስነሣው ውዝግብ በሰኔ ደም አፍስሶ በጥቅምት ሲብስ፣ ልዑልቃል ከአገሩ ልጆች ጋር ለንደን አደባባይ ሰልፍ ወጣ፤ ፎቶግራፉም በየድረ ገጹ ታየ። በሳምንቱ ታናሽ ወንድሙ ንዋይ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ፎቶህን እዚህ ያላየው የለም፤ ለጊዜው እንዳትመጣ» አለው፤ ሌላም ሳይጨምር ዘጋው። ልዑልቃልም ብዙ ካመነታ በኋላ ጥገኝነት ጠየቀ፤ ፓስፖርቱም ከማመልከቻው ጋር ክሮይደን ካለው የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገባ።

በታኅሣሥ ንዋይ ሌላ መልእክት አደረሰው፤ መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ «ልጄ መጥቶ ዜማውን ይቀበለኝ፤ ይዤው መቃብር ልገባ ነው» ይላሉ። ያን ዕለት ማታ ልዑልቃል ክላፋም ቤት ለሚያከራዩት ለወይዘሮ የሻረግ ነገራቸው። እሳቸው በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል የወጡ፣ ለሰው ሁሉ መካሪ የሆኑ ሴት ነበሩ።

«እትዬ፣ አባቴ ያስጠሩኛል። ሳልቀበላቸው ሊያልፉብኝ ነው።»

«ስማኝ ልጄ። አሁን ብትሄድ ኬዝህ ክሎዝ ይሆናል፤ ጠበቃህ ሶሊሲተሩም ይኸንኑ ነው የነገረህ። ደግሞስ ፓስፖርትህ ክሮይደን ተቀምጦ በምን ልትሄድ ነው፣ በክንፍ?»

«እሳቸው ግን አይጠብቁኝም።»

«እኔም እናቴን ሳልቀብር ነው የቀረሁት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስልክ አለ አይደል? በስልክ ተቀበላቸዋ! ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነው የሚባለው።»

ምክሩ ገባው። ንዋይ ወደ አገር ቤት ወርዶ አባቱን በበቅሎ ወደ ወረዳው ከተማ ቴሌ ጣቢያ ሊያደርሳቸው ተስማማ፤ ዶክተር ሃርግሬቭም የቢሮውን ስልክና ጥሩ የድምፅ መቅጃ ፈቀዱለት። ማሽኑን ራሳቸው እያስተካከሉ እንዲህ አሉት፤

«የእርስዎ አፍ ከማሽኑ ቅርብ ነው፤ የአባትዎ ድምፅ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። እርስዎ ከተናገሩ ይውጠዋል። እባክዎ እሳቸው እስኪጨርሱ ዝም ይበሉ።»

«ዝም እላለሁ» አለ ልዑልቃል፤ ከልቡ ነበር።

ለአባቱ ግን ስለ መቅጃው አልነገራቸውም። መሪጌታ ፀሐዬ ዜማን በማሽን የሚይዝ ሰው ሲያዩ «ይኸ ዕቃ ሲሰበር ዜማው ምን ሊሆን ነው?» የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው በአፉ ሳይሆን በዕቃ ሊቀበላቸው መሆኑን ቢሰሙ ያዝኑበታል ብሎ ፈራ። ከቀዳሁ በኋላ በቀስታ አጠናዋለሁ፣ ምን ያውቃሉ? አለ በልቡ።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መስመሩ ተገናኘ። መቅጃው መዞር ጀምሯል።

«ማነህ? ልዑልቃል ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ። እንዴት ሰነበቱ?» አባቱን እንደ ማንኛውም የዜማ ቤት ተማሪ የኔታ እያለ ነበር ያደገው።

«አለሁ፤ አፈር እስኪጠራኝ አለሁ። ጊዜ አናጥፋ፤ የቴሌው ልጅ መስመሩ ይቆረጣል ብሎኛል። በል ተቀበል።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጀመሪያውን ሐረግ አዜሙ። ድምፃቸው አርጅቷል፤ ነገር ግን ዜማው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ልዑልቃልም ዓይኑን ጨፈነ። በሐረጉ መጨረሻ ላይ ግን መሪጌታ ቆሙ።

«አለህ?»

«አለሁ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ምነው አፍህን ዘጋህ? ሲመሩህ ዝም ማለትን ነው እንግሊዞች ያስተማሩህ?» ሳቅ ብለው ነበር፤ ሳቃቸው ውስጥ ግን ቅሬታ አለበት።

በደብረ ዕንቍ ዜማ ቤት ተማሪ መምህሩ እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ ቃሉ ከመምህሩ አፍ ሳይበርድ እግር በእግር ይከተላል፤ ድምፁንም አይሸሽግም፤ የሚሸሽግ ተማሪ ወይ አልገባውም ወይ መምህሩን ንቋል። ልዑልቃል መቅጃውን ተመለከተ። «እየቀዳሁ ነው፣ ብቻዎን ያዚሙልኝ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። አልወጣችለትም። መሪጌታ እንደ ገና ሲጀምሩ በለሆሳስ ብቻ ልከተል አለ፤ ሁለተኛው ሐረግ ላይ ግን ያ ያደገበት አዳራሽ፣ ያ የአባቱ መቋሚያ ምት በልቡ መጣበትና፣ ለንደንንም ማሽኑንም የሰጠውንም ቃል ረስቶ በሙሉ ድምፁ ተቀበለ።

ስልኩ ድምፅን አዘግይቶ የሚያደርስ ነበር፤ የአባቱ ዜማ ለእሱ ሲደርስ ዘግይቶ፣ የእሱም ለአባቱ ሲደርስ ይበልጥ ዘግይቶ ነበር። ሽማግሌው ልጃቸው የዘገየ መስሏቸው ጠብቀውት እያዘገሙ፣ እሱም እሳቸውን እየጠበቀ እያዘገመ፣ አንዱ የሌላውን ጫፍ እየያዘ እስከ ፍጻሜው አደረሱት።

«እሰይ!» አሉ መሪጌታ፤ ትንፋሻቸው አጥሯል። «እሰይ ልጄ! ከእንግዲህ አደራው ከእኔ ወርዷል። ያሳድግህ፤ ለወንበሬ ያብቃህ።»

ልዑልቃል «አሜን» ሲል እያለቀሰ ነበር። የዚያን ቀን ደስታውን የሚያህል ደስታ ለንደን ከገባ ወዲህ አላየም።

ሰኞ ዕለት ከዶክተር ሃርግሬቭ ጋር ቅጂውን አዳመጡ። የመጀመሪያው ሐረግ ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሞላው የልዑልቃል ድምፅ ነበር፤ ጎላ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ብዙ ቦታ ላይ የሚሳሳት፤ የመሪጌታ ድምፅ ከሥሩ እንደ ግድግዳ ማዶ ጨዋታ አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ልብ ብለው ሲከታተሉት ይጠፋል።

«ዝም እላለሁ ብለውኝ ነበር» አሉ ዶክተሯ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም።

«አባቴ ሲመሩኝ ዝም ማለት አልችልም።»

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እንግዲያውስ ይደውሉላቸው። ይንገሯቸው። እንደ ገና ይቅዱ።»

ሊደውል ቆርጦ ነበር። ነገር ግን መሪጌታ ፀሐዬ ከቴሌ ጣቢያው ሲመለሱ የደጋው ብርድ መትቷቸው ነበር፤ አልጋ ላይ እንደ ወደቁ አልተነሡም፤ በየካቲት መባቻ፣ ንግሡ ሊደርስ ሲል፣ ዐረፉ። ልዑልቃል መርዶውን ክላፋም በወይዘሮ የሻረግ ቤት ተረዳ። የአገሩ ሰዎች መጥተው አብረውት ተቀመጡ፤ እሱ ግን ያች በቅሎ ከዓይኑ አልጠፋ አለችው፤ ዜማውን ለእሱ ሊያቀብሉ ወጥተው ነው የታመሙት።

ከለቅሶው በኋላ ንዋይ የቀረውን ነገረው። መሪጌታ ሊያርፉ ሲሉ ካህናቱን ሰብስበው «ዜማው አልጠፋም፤ ልጄ ተቀብሎኛል። እሱ እስኪመጣ በቦታው ሌላ ዜማ እንዳታስገቡ» ብለው አደራ ሰጡ። በንግሡም ካህናቱ ከሰላሙ ቦታ ሲደርሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ቆሙ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው አለፉ።

ልዑልቃል ይህን እንደ ሰማ ለደብሩ አስተዳዳሪ ለአለቃ መዝገቡ ደወለ፤ እውነቱን ሊናገር።

«አለቃ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር፤ ስለ ዜማው…»

«እናውቃለን ልጄ፣ እናውቃለን» አሉ አለቃ። «አባትህ ሲያርፉ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ተቀበለኝ፣ ተቀበለኝ እያሉ ነው የሄዱት። እንዲህ ያለ አሟሟት ለማን ይገኛል? አንተ ብቻ አትቸኩል፤ እኛ እንጠብቅሃለን።»

«ይጸልዩልኝ» አለ ልዑልቃል፤ ስልኩንም ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ስንት ቅዳሜ ቅጂውን ከፍቶ የአባቱን ድምፅ ከራሱ ሊለይ ደከመ። አንዳንዱን ሐረግ ያገኘው ይመስለዋል፤ በማግሥቱ ሲሰማው የራሱ ስሕተት ሆኖ ይገኛል። የመኖሪያ ፈቃዱም በጊዜው ወጣለት፤ ወደየትም አገር ይሂድ፣ ወደ ሸሸው አገር ግን አይመለስ የሚል ፈቃድ ነበር።

የዝማሬው መዝገብ በ፪ ሺህ ዓመተ ምሕረት ተፈጽሞ ወጣ። በዚያው ዓመት በለንደን ከሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘማሪዎች በመዝገቡ ተመርተው ያገኙትን አንድ የአራት ድምፅ ዝማሬ አቀረቡ፤ የአንዱ ድምፅ መጽሐፍ ጠፍቷልና ሦስቱን ብቻ ዘመሩ፤ መሪያቸውም ይህንኑ ለሕዝቡ አስቀድሞ ተናገረ። ሕዝቡ አልተቀየመም፤ እንዲያውም አጨበጨበ። ልዑልቃል ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሁሉም እስኪወጣ ድረስ አልተነሣም።

ታሪክ ስለዚያ ዘመን ሲጽፍ የምርጫ ኮሮጆውን፣ የሞተውንና የታሰረውን ይቆጥራል፤ ይቁጠር፤ የሚገባው ነው። በመዝገቡ መግቢያም የሠራተኞቹ ስም በመዛግብት ልማድ የአባት ስም እየቀደመ ታትሟልና፣ አንባቢ ሁሉ «ፀሐዬ» የሚል ስም ያነብባል፤ የማን ስም እንደ ሆነ ግን አያውቅም። ልዑልቃልም ከሥራው ሰዓት ውጪ፣ ለራሱ ብቻ፣ በዚያው በመዝገቡ ሥርዓት አንድ ገጽ ከፍቶ ነበር፤ መነሻው ሐረግ፣ የተገኘበት ደብር፣ የመሪው ስም፣ ሁሉንም አሰፈረ። ዜማው የት እንዳለ ከሚጻፍበት ከመጨረሻው ቦታ ሲደርስ ብዕሩን አኖረ። ለማያውቃቸው ለሞቱ የባዕድ አገር ዘማሪዎች ስንት ጊዜ «ጠፍቷል» ብሎ የጻፈ ሰው ለአባቱ አንድ ጊዜ መጻፍ አቃተው። በደብረ ዕንቍም የካቲት ዐሥራ ስድስት በመጣ ቁጥር ካህናቱ ከሰላሙ ቦታ ሲደርሱ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ለሚጠይቃቸውም ልጅ «ዜማው ለንደን አለ» ይሉታል።