ማስታወቂያው እስኪያልቅ

ኔሬይዳ ዊልፍሪዶን መጀመሪያ ያየችው ባራንኪያ ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ራሱ በሽተኛ ሆኖ የሌላ በሽተኛ ፀጉር ሲያስተካክል ነው። የሆስፒታል ልብስ ለብሷል፣ መቀስ ይዟል፣ ምላሱ ግን ከመቀሱ ይፈጥናል። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ በሳቅ ብዛት አንገታቸውን ማቃናት አቅቷቸዋል።

«አንቺም ተራ ያዢ» አላት ቀና ሳይል።

«ፀጉር ልቆረጥ አልመጣሁም። ወረቀት ላስፈርምህ ነው።»

«ገና ስም ሳንተዋወቅ ጋብቻ? አይ፣ ቸኩለሻል!»

ሽማግሌው ተንከተከቱ። የቴሌቪዥን ጣቢያው የቀጥታ ስርጭት አስተባባሪ የሆነችው፣ ስንቱን ዝነኛ ያለ እፍረት የምታዝዘው ኔሬይዳ፣ ፊቷ ቀላ።

ወረቀቱ የጋብቻ አልነበረም። በዊልፍሪዶ ጭንቅላት ውስጥ፣ ንግግርን በሚያዘው ቦታ አጠገብ፣ እጢ በቅሏል። በመንግሥት ሆስፒታል ተራው የሚደርሰው ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ እጢው ደግሞ ተራ መጠበቅ አያውቅም። የግሉ ሆስፒታል በነፃ ሊሠራለት ፈቀደ፤ ቀዶ ጥገናው በቀጥታ በቴሌቪዥን እስከተላለፈ ድረስ። ሐኪሞቹ የንግግሩን ቦታ እንዳይጎዱ፣ ራሱ ተከፍቶ፣ ነቅቶ እያወራ ነው የሚሠራለት። ጣቢያው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? የሚያወራ በሽተኛ፣ ያውም ፀጉር አስተካካይ!

ከዚያ በኋላ ኔሬይዳ ለመምጣት ምክንያት አላጣችም። አንድ ቀን የፀጉር ማስተካከያ ሱቁን ለመቅረጽ፣ አንድ ቀን እናቱን ዶና ኤውፌሚያን ለማነጋገር። በሁለተኛው ሳምንት ምክንያቱ አለቀባት፤ እሷ ግን መጣች። እሱ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች። ወሬው ድንገት ሲቋረጥ ይተያዩና ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ያሸሻሉ።

በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ራሱ ተላጭቶ አገኘችው።

«ይኼን የላጨኝን ሰውዬ» አለ ራሱን እየዳሰሰ፣ «እኔ ሱቅ ወለል እንኳ አላስጠርገውም።» ወዲያው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ኔሬ፣ ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ። ቃል ሲጠፋብኝ አገር ቁጭ ብሎ እንዳያየኝ ነው። እኔ እኮ ከወሬዬ ሌላ ምንም የለኝም።»

አንጀቷን በላው። «ሁለት ጣትህን አንሳ» አለችው ሳታስብ። «ሁለት ጣትህን ካየሁ ስርጭቱን አጠፋዋለሁ።»

«ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

በወረቀቱ ሰባተኛ አንቀጽ ላይ ግን፣ ስርጭቱ ከተጀመረ በኋላ በሽተኛው ሐሳቡን መቀየር አይችልም ይላል። ኔሬይዳ ታውቀዋለች። ብትነግረው እምቢ ይላል፤ እምቢ ካለ ስምንት ወር ይጠብቃል፤ ስምንት ወር የለውም። ካልነገረችው ደግሞ አታላዩ ናት። እጅ ከወርች የታሰረች መሰላት። ቤቷ ገብታ የቀረበላትን ምግብ ሳትነካ ተነሳች።

ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ራሱ በብረት ፍሬም ተይዟል፤ የሚንቀሳቀሱት ዓይኖቹና እጆቹ ብቻ ናቸው። የንግግር ባለሙያዋ ማሪቤል ሥዕል እያነሳች ትጠይቀዋለች።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ዓሣ። ያውም ሳይጠበስ ያመጣሽው።»

ክፍሉ ሳቀ። በኔሬይዳ ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ፣ ውጭ በቆመው የስርጭት መኪና የተቀመጠው አለቃዋ ባልዶሜሮ ጮኸ፤ «ግሩም ነው! አገር ምድሩ እየሳቀ ነው!»

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሳልሴዶ የእጢውን ቦታ አገኘ። መሣሪያውን አነሳ።

«ሐኪሙን አስቁሚው!» አለ ባልዶሜሮ። «ሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ አለ። ዋናው ነገር በማስታወቂያ እንዳያመልጠን!»

ሦስት ጊዜ ተለማምደውታል፤ እሷ መዳፏን ስታነሳ ሐኪሙ ይጠብቃል። መዳፏ ከእሷ ፈቃድ ውጭ ወደ ላይ ወጣ። ሐኪሙም ቆመ። የሰው ራስ ክፍት ሆኖ፣ በግድግዳው ስክሪን ላይ አንዲት ሴት በልብስ ሳሙና ዙሪያ ትጨፍራለች።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ ዊልፍሪዶ። «ሞትኩ እንዴ?»

የሳቀ የለም።

«ኔሬ?»

ኔሬይዳ መዳፏን አላወረደችም። ያንን ሁለት ደቂቃ በሕይወቷ ሙሉ አትረሳውም።

ስርጭቱ ተመለሰ። ሐኪሙ ቦታውን ነካ፤ ማሪቤል ሥዕል አነሳች። ማበጠሪያ ነው። ዊልፍሪዶ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ሃያ ዓመት ከእጁ ያልተለየው ዕቃ ስሙ ጠፋው። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ፤ ከአንሶላው ላይም ሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አጥፉት!» አለች ኔሬይዳ።

«ማንም እንዳይነካ! ካሜራ ሁለት፣ እንባውን አቅርበው!» አለ ባልዶሜሮ በጆሮዋ።

«ጣቱን አንስቷል! ቃል ገብቼለታለሁ!»

«ፈርሟል እኮ! አንቺ ልጅ፣ እንጀራሽን እንዳትዘጊ!»

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀችና ወለሉ ላይ ጣለችው። በሩ አጠገብ ሄዳ ወደ መኪናው የሚወጣውን ወፍራም ገመድ በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው። የካሜራዎቹ ቀይ መብራት ጠፋ። ወለሉ ላይ የባልዶሜሮ ድምፅ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ጥዝዝ ይላል።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለ ዶክተር ሳልሴዶ በዝግታ። «ያኔ እጅሽን ስታነሺ እኔም መቆም አልነበረብኝም።» ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እሷም እስኪያልቅ ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዊልፍሪዶ በሚያያት ቦታ ቆመች።

ያን ዕለት ከሥራ ተባረረች። ያ አልነበረም ያቃጠላት። ዊልፍሪዶ ዳነ፤ ንግግሩ ግን እየተንገዳገደ መውጣት ጀመረ። ልትጠይቀው በሄደች ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሁለቱ ደቂቃ ጎድቶት እንደሆነ ሐኪሙን ብትጠይቀው «አይመስለኝም» አላት። ይህች «አይመስለኝም» እንቅልፍ ነሳቻት።

«ልጄ፣ ለጊዜው አትምጪ» አሏት ዶና ኤውፌሚያ በሩ ላይ። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ ምግብ አይቀምስም።»

አምስት ሳምንት ታገሰች። ከዚያ ዓይኗን በጨው አጥባ ሱቁ ሄደች። ዊልፍሪዶ በደንበኞቹ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«እውነቱን ልንገርህና አባርረኝ» አለች ቆማ። «ሰባተኛውን አንቀጽ አውቀው ነበር። ስርጭቱን ማጥፋት እንደማይፈቀድልኝ እያወቅኩ ነው ቃል የገባሁልህ። ሐኪሙንም ያስቆምኩት እኔ ነኝ።»

ዊልፍሪዶ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«አን... አንብቤው ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ሰባተኛውን። ከመፈረሜ በፊት። ስትዋሺኝ... ዓይንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጣቴን ሳነሳ ማንም... ማንም እንደማያጠፋው አውቅ ነበር። አንቺ ግን አጠፋሽው።»

እንባዋ መጣ። «ታዲያ ለምን ፊት ነሳኸኝ? ለምን ወደ ግድግዳ ትዞርብኝ ነበር?»

ራሱን አቀረቀረ። «ስምሽ ጠፍቶኝ ነበር» አለ። «የሁሉም ሰው ስም ሲመለስ ያንቺ... አልመጣም። እያየሁሽ መጥራት ሲያቅተኝ... አፈርኩ።»

ኔሬይዳ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «አሁንስ?»

አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ስሟ እሷ ከንፈር ላይ ነው፤ ብትነግረው በተገላገለ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀችው። ውጭ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። አንድ ደንበኛ በበሩ ብቅ አለና ነገሩን አይቶ ተመለሰ።

«ኔ... ኔሬይዳ» አለ።

በዓመቱ ተጋቡ። ዛሬ እሱ ፀጉር ያስተካክላል፣ ወሬውም ከሞላ ጎደል ተመልሷል። ስሟ የሚጠፋባቸው ቀናት ግን አሁንም አሉ። እጇን ይይዝና ዓይኗን እያየ ይፈልገዋል፤ እሷም አትነግረውም፣ እስኪያገኘው ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።