ከሁለቱ ፊት የተጨመረች አንድ

«ራዲዮ ኢንተርኔት አይበላም!» አሉ አባ ኻሚስ፣ ትንሿን ራዲዮ እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው። «ወላሂ፣ አንተ ዝም ብለህ ነው የተቆጣኸው።»

«ኢንተርኔት በላ አልኩ እንዴ? ባትሪውን ነው የበላው!» አለች ዐዋጢፍ።

«ባትሪ ከሆነ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ዜና ብቻ ነው የምሰማው።»

ከአሶሳ ወጣ ባለችው ቀበሌ ኮረብታ ላይ፣ ከብረቱ ማማ ሥር አራት ሰዎች ቆመዋል። ዐዋጢፍ ባለሙያዋ ናት፤ ከማማው ኢንተርኔት የሚያገኙት ዘጠኝ ደንበኞች ሁሉ የሚያውቁት እሷን ነው። አባ ኻሚስ ዘበኛው ናቸው። ሲስተር ቀነኒ ከታች ካለው ክሊኒክ ዳገቱን ሮጣ የመጣች ነርስ ናት፤ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። አራተኛዋ የዐዋጢፍ የእህት ልጅ፣ የአስራ አምስት ዓመቷ ሀዲል ናት። እሷ ደግሞ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች።

የሦስቱ ቋንቋ በርታ፣ የሲስተር ቀነኒ ኦሮምኛ ስለሆነ ጭቅጭቁ የሚካሄደው በአማርኛ ነው። አባ ኻሚስ በአማርኛ ሲናደዱ ደግሞ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው።

«እባካችሁ፣ የራዲዮውን ነገር በኋላ!» አለች ሲስተር ቀነኒ። «የአሶሳው ዶክተር ስክሪኑ ላይ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል። ‹ልጁን ዛሬውኑ…› አለና ድርቅ አለ። ዛሬውኑ ምን? ዛሬውኑ ወደ አሶሳ ላኩት ነው? ዛሬውኑ ፋሻውን ቀይሩለት ነው? እናትየዋ የፈላ ውሃ እጁን ያቃጠለው ልጇን ታቅፋ ስክሪን ላይ አፍ አፍ እያየች ነው። የመጨረሻው ሚኒባስ አስር ሰዓት ላይ ይወጣል። አሁን ዘጠኝ ተኩል አለፈ!»

ዐዋጢፍ ከማማው ሥር ያለውን የብረት ሣጥን ከፍታ፣ ከባትሪው ተቀጥሎ የወጣውን የራዲዮ ሽቦ መዝዛ አሳየች። በሣጥኑ በር ላይ «እዚህ ባትሪ ላይ ምንም ነገር መሰካት ክልክል ነው» ብላ በቀይ ማርከር ጽፋ ነበር። ስትጽፍ ግን አባ ኻሚስ ማንበብ እንደማይችሉ አላሰበችም።

ሀዲል ያ ሣጥን በተከፈተ ቁጥር ይደንቃታል። ፀሐይ ሶላሩን፣ ሶላሩ ባትሪውን፣ ባትሪው ደግሞ ስዊች የሚሉትን፣ ከመጽሐፍ የማይበልጠውን ማከፋፈያ ያበላል። ከስዊቹ አንድ ቀጭን ግራጫ ገመድ ተነስቶ ማማው ጫፍ ላይ እስካለው አንቴና ይወጣል። አንቴናው ሌላ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለውም። በዚያ በአንዱ ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪኩም መልእክቱም አብረው ይሄዳሉ። ኻልቲ የምትላት አክስቷ መጀመሪያ ስትነግራት የምትቀልድ መስሏት ነበር።

«አይጋጩም፣ ኻልቲ?»

«በአንድ መንገድ ባጃጅም ሰውም ይሄድ የለ?»

«ባጃጅና ሰው ግን ይጋጫሉ።»

ዐዋጢፍ ከት ብላ ስቃ፣ በዚያው ቀን የመቆጣጠሪያውን ገጽ ከነይለፍ ቃሉ በሀዲል ስልክ ላይ ከፈተችላት። ገጹ ላይ ዘጠኝ መስመሮች ይንቀሳቀሳሉ። ከአሶሳ የሚመጣው ኢንተርኔት ሃያ ሜጋ ነው፤ ከዚያ ላይ ለክሊኒኩ አራት፣ ለቀሩት ስምንት ደንበኞች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ይደርሳል። ከገደቡ በላይ ማንም አይወስድም። ሀዲል ኮረብታው ላይ ቁጭ ብላ አንዴ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን፣ አንዴ መስመሮቹን ታያለች። ይቺ ከፍ ያለችው የመምህሩ ቤት ናት፣ ልጁ ኳስ እያየ ነው። ይቺ ዝቅ ያለችው ሱቁ ነው፣ ባለቤቱ ተኝቷል። ሰፈሩ ሲተነፍስ የምታይ ይመስላታል፤ አንዳንዴም እንዳትረብሸው ብላ ስልኩን ቀስ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።

ዛሬ ግን ረብሻዋለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ጓደኛዋ ሰብለወንጌል ከሰፋሪዎቹ መንደር ደውላ ነበር። ሰብለ ማንጎ ማድረቂያ ሠርታ፣ ቪዲዮዋን ለተማሪዎች የፈጠራ ውድድር እስከ አስራ አንድ ሰዓት መላክ አለባት።

«በሁለት ሜጋማ የሚቀጥለው ማንጎ እስኪደርስ አልጨርስም። አምስት ደቂቃ ብቻ ልቀቂልኝ፣ ፕሊስ!»

«ኻልቲ ካየች ትገለኛለች።»

«ኧረ አታካብጂ! ማን ያያል?»

ሀዲል ማማው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ ከሰብለ ቤት «2» ፊት አንዲት «1» ጨመረች። «በይ፣ አስራ ሁለት ሰጠሁሽ!» ብላ ሳቀች። አባ ኻሚስ እዚያው ጥላው ሥር ራዲዮናቸውን እየሰሙ ነበር። ማንጎ ሲደርቅ ይቀንሳል፤ የሰብለ ቪዲዮ ግን የሚቀንስ ዓይነት አልነበረም። አምስት ደቂቃው አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ።

ሲስተር ቀነኒ ወደ ክሊኒኩ ደወለች። «ተንቀሳቀሰ?… አፉ አሁንም ክፍት ነው?»

«ባትሪው እስኪያገግም ነው» አለች ዐዋጢፍ። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረች፣ ድምጿም ዝቅ አለ። «አባ ኻሚስ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ስንቴ ልለምንዎት? ለነገ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

አባ ኻሚስ ማማው ከተተከለ ጀምሮ ከአንገታቸው ያልወረደውን ቁልፍ በገመዱ አውጥተው ሰጧት። የራዲዮውን ሽቦ በጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ ብዙ እንዳለ ሁሉ።

«ሀዲል፣ ገጹን ባንቺ ስልክ ክፈቺው፤ የኔ ባትሪ ጨርሷል» አለች ዐዋጢፍ። ባትሪ ተበላብኝ ብላ ሰው ለምታባርር ባለሙያ ይህን ማለት ትንሽ የሚያሳፍር ነበር። «ሁሉም በገደባቸው ናቸው?»

ሀዲል ከፈተች። የሰብለ መስመር እንደ ማማው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሃያው አስራ ሁለቱ የሷ ሲሆን፣ በቀረው ስምንት ሌሎቹ ሁሉ ይሻማሉ፤ የክሊኒኩ መስመር መሬት ላይ ተኝቷል። ወዲያው መልእክት ገባ፦ «82% ደርሷል!! አደራ እንዳትነኪው!»

«አዎ» ብትል ያልቃል። ገጹን ያየ የለም። ባትሪው ይወቀሳል፣ ሰብለ ትጨርሳለች።

ሀዲል ቁጥሩን አየችው። አንዲት «1»። ይቺ እዚህ የተቀመጠች ጭረት ናት እዚያ አሶሳ ያለውን ሰውዬ አፉን እንደከፈተ ያቆመችው። ሽቦ አልቆረጠችም፣ ድንጋይ አልወረወረችም፤ በአንድ ጣት ብቻ። ጣቷ የራሷ አልመስል አላት።

ጭረቷን አጠፋቻት።

የሰብለ መስመር ወረደ። አንድ በአንድ፣ የመምህሩ፣ የሱቁ፣ ሁሉም ቀና ቀና አሉ። የክሊኒኩ መስመር ከተኛበት ተነሳ፣ አሁንም ተነሳ፣ አራት ላይ ደርሶ ቆመ። ሀዲል ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

ከሲስተር ቀነኒ ስልክ ውስጥ አንድ ሰው ጮኸ። «ምን አለ? ደግሞ ንገሪኝ!… ‹ዛሬውኑ ላኩት› ነው ያለው! ሚኒባሱን አቁሙልኝ!» ብላ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቁልቁል በረረች።

«አየሽ? ባትሪው አገገመ» አለች ዐዋጢፍ።

«አይደለም፣ ኻልቲ። በገደባቸው አልነበሩም። ሰብለን አስራ ሁለት ያደረግኳት እኔ ነኝ። እዚሁ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ። አሁን መለስኳት።»

ሀዲል ስልኩን ዘረጋችላት።

«የይለፍ ቃሉን ቀይሪው። ግን ሰብለ እስከ አስራ አንድ ሰዓት መጨረስ አለባት። የኛን ቤት ሁለት ሜጋ ዛሬ ለሷ ስጪያት።»

«አባትሽ ዜና የሚያይበትን?»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

ዐዋጢፍ ብዙ ካየቻት በኋላ ስልኩን ተቀብላ ነካካች። ከዘጠኙ መስመሮች አንዱ፣ የነሀዲል ቤት፣ ቀስ ብሎ መሬት ነካ። ከዚያ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አባ ኻሚስ ሄደች። ሲስተር ቀነኒ ብትሄድም፣ ነገሩ በአማርኛ የተጀመረ ስለሆነ በአማርኛው ቀጠለ።

«አባ ኻሚስ፣ አፉ በሉኝ።» ቆም አለችና ድንጋዩንም ጥላውንም አየች። «ግን ይቺ ልጅ ስልክ ስታወራ እዚሁ አልነበሩም?»

«ነበርኩ።»

«ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ቁልፍዎን ስቀማዎት እንኳን ለምን ዝም አሉ?»

አባ ኻሚስ ቁልፉን ተቀብለው አንገታቸው ላይ መልሰው አጠለቁ፤ ራዲዮናቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ጠረጉ።

«አንተ የጠየቅከው» አሉ፣ «ስለ ራዲዮ ነው።»